ትልቁ አከራይ መቼ ነው የሚጠየቀው?

አዲስ አበባ ውስጥ ዋና መንገድ ዳር ንብረት ያለው ሰው ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም። ሕንፃህን ቀባ ይባላል፤ ቀለሙም ተመርጦ ይነገረዋል። አጥርህን አፍርስ፣ ታፔላህን አውርድ፣ የተሰነጠቀ መስታወትህን ቀይር፣ ማታ ማታ መብራት አብራ ይባላል። ቀነ ገደቡ አጭር ነው፤ ደንብ አስከባሪ ደግሞ ቀነ ገደብ አይረሳም።

ለእነዚህ ባለንብረቶች ልሟገት አልመጣሁም። ፎቁን አከራይቶ በየወሩ መቶ ሺዎች እየሰበሰበ፣ አሸንዳው ተቀዶ እግረኛው ላይ ሲያፈስ ዓመታት ዝም ያለ ሰው ቢታዘዝ፣ ቢቀጣም ሆዴ አይባባም። ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ግዴታም አለበት። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ጣቱን ቀስሮ «ንብረትህን በወጉ ያዝ» የሚለው አካል ራሱ በዚህች ከተማ ከማንም በላይ ብዙ ቤት ያለው፣ ከማንም በላይ ረጅም ጊዜ ቤቱን ያበሰበሰ፣ ስለዚያም አንድ ቀን ተጠይቆ የማያውቅ ባለንብረት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግን ከግሎቹ ጋር ሒሳብ እናወራርድ፤ ለእነሱ አዝኖ ነው እንዳልባል።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ የቆርቆሮ አጥር ያውቃል። በቀዳዳው አጮልቆ ማየት የሰፈር ልጅ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ የሚታየውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሣር፣ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ፣ የዘበኛ ጎጆ፣ የታሰረ ውሻ። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ለይቶ አስቀምጧል፤ ለአነስተኛ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48። ማራዘሚያ አለ፤ እሱም ሲያልቅ ውሉ ይቋረጣል፣ መሬቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። መንገድ ላይ ያለው ግን ልጅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ አጥሩ ሳይነቃነቅ የቆየ መሬት ነው።

ይህ የሚሆነው በስንፍና አይምሰላችሁ። ከሊዙ ጠቅላላ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ ይከፈላል፤ ቀሪው በረጅም ዓመታት ይከፋፈላል። መሬቱ ደግሞ በተቀመጠበት ዋጋው ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ሲሚንቶ ከመግዛት ቆርቆሮ መግዛት ያዋጣል። አጥር ሠርቶ፣ አንድ ዘበኛ ቀጥሮ፣ ውጭ አገር ተቀምጦ መክበር ይቻላል። ግንባታ ጀመርኩ ለማለት ያህል አራት ኮለን አቁሞ፣ ፌሮውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ትቶት የሚሄድም አለ፤ ቁጥጥር ሲመጣ «በሥራ ላይ ነን» ይላል፤ ቁጥጥሩም ያምነዋል፤ ወይም ያመነ ይመስላል።

ከማዘጋጃ ቤቱ አፍንጫ ሥር፣ ፒያሳ ላይ ለረጅም ዓመታት ታጥሮ የቆየውን ቦታ ማን ይረሳል? ከንቲባ መጣ፣ ከንቲባ ሄደ፣ ቦታው እዚያው ነበር። በ2011 የከተማው አስተዳደር ታጥረው ከተቀመጡ ቦታዎች ከ400 ሄክታር በላይ መልሼ ወስጃለሁ ሲል ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። የፒያሳው ቦታም በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ ተመረቀ። እሰየው። ሲፈልጉ እንደሚችሉ ግን ያኔ አየን፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ «አልቻልንም» የሚል መልስ አልቀበልም።

በጥር 2013 አስተዳደሩ ያወጣው የጥናት ውጤትም አለ። ከ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ መሬት በሕገወጥ መንገድ ተይዟል ተባለ። 4,530 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባዶ ሆነው ተገኙ ተባለ፤ ያውም በ1997 እና በ2005 ተመዝግቦ ከደመወዙ እየቀነሰ የሚቆጥብ ሕዝብ ዕጣ በሚጠብቅባት ከተማ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ባለቤታቸው ያልታወቀ 322 ሕንፃዎች መገኘታቸው ነው። ሕንፃ እኮ ነው የምላችሁ! እንደ እንጉዳይ ሌሊት ዝናብ ጥሎበት ጠዋት አይበቅልም። ቁፋሮ አለው፤ ፌሮ የጫነ ሲኖትራክ አለው፤ ሶሌታ በተሞላ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ሳይተኛ ያድራል። መብራት ያስገባለት ሰው አለ፤ ውሃ የቀጠለለት ሰው አለ። አንዲት እናት ማድቤቷ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ስትጨምር ምሳ ሳይደርስ ከች የሚለው ደንብ አስከባሪ፣ ፎቁ በላይ በላይ ሲደራረብ የት ነበር?

ይህን ካልኩ ወደ ትልቁ ባለንብረት ልምጣ።

ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው በሐምሌ 1967፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች። ኪራዩም ተቀነሰ፣ እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ። የዚያን አዋጅ ውለታ አልክድም። እናቴ ሁለት አሃዝ የሞላ ኪራይ ከፍላ አታውቅም፤ እኔ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት የሄድኩት በዚያ ኪራይ ምክንያት ነው። ትርፍ ቤቱን ያለ ካሣ የተወሰደበት ሰው ቁጭቱ የተለየ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ግን ያ አዋጅ ሌላም ነገር አድርጓል። መንግሥትን በአንድ ጀምበር የአገሪቱ ትልቁ አከራይ አደረገው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ቤት እጁ ገባ። አብዛኛው የጭቃ ነው፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በየጥቂት ዓመቱ መመረግ ያለበት፣ ቋሚው መቀየር ያለበት፣ ጣሪያው መታየት ያለበት። የጭቃ ቤት ባለቤት ካየው ዕድሜው ረጅም ነው። ባለቤት ከጠፋ ግን ምስጥ አለ፤ ምስጥ በጀት አይጠይቅም።

ያደግኩበትን የቀበሌ ቤት ልንገራችሁ፣ አሁንም ቆሟልና። የምሥራቁ ግድግዳ ቋሚዎች ከታች ተበልተው እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቤቱን ያቆመው ማገሩ ነው፣ ማገሩ ደግሞ የተደገፈው በጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ የጎረቤቱም ወደኛ ያዘነበለ ነው። የአቡጀዲው ኮርኒስ የፍሳሽ መልክ ይዞ ቡናማ ሆኗል። ክረምት ሲገባ ሳፋው፣ ባልዲው፣ የዘይት ጄሪካኑ ሳይነገራቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ዝናቡ ሲበረታ አልጋው ወደ በሩ ይጎተታል። ጣሪያው ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይና ያለቀ የመኪና ጎማ። ግቢው በሙሉ የሚጠቀመው አንድ ሽንት ቤት አለ፤ በሩ ከወለቀ ቆይቷል፤ ሰው ውስጥ ሲሆን ጆንያ ይጋረዳል፤ ሰው መኖሩ የሚታወቀው በሳል ነው።

ይህን ቤት ማን ያድስ? እናቴ ማመልከቻ አስጽፋ ወረዳ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ያስተናገደን ወጣት ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እማማ፣ ቦታው ለልማት ይፈለጋል፤ የእድሳት ፈቃድ ቆሟል» አላት።

«ልማቱ መቼ ነው ልጄ?»

«እሱን እኛም አናውቅም።»

«እስከዚያ ግድግዳው ቢወድቅብኝስ?»

«እንዳይወድቅ ይደግፉታ እማማ። ግን በአጣና ብቻ ነው፤ ብሎኬት እንዳያስነኩ!»

እናቴ መርቃው ወጣች። እኔ እስካሁን አልበረደልኝም። አከራይ አያድስም፤ እሺ፣ ያጋጥማል። ተከራይ በራሱ ገንዘብ እንዳያድስ ይከለክላል፤ ይህን ምን ትሉታላችሁ? መቼ እንደሚያፈርሰው ደግሞ አይናገርም። አንድ የግል አከራይ ተከራዩን «ጣሪያው ያፈሳል፣ አልሠራውም፣ አንተም እንዳትነካው፣ መቼ እንደማስወጣህም አልነግርህም» ቢለው የሰፈር ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። መንግሥት ሲለው ግን መመሪያ ነው።

ስለዚህ ሰፈሩ በሌሊት ይጠግናል። ጭቃው ጭድ ገብቶበት በጨለማ ይቦካል። ምስማር የሚመታው ዝናብ ሲወርድ ነው፣ ድምፁ ድምፅ እንዲሸፍን። ቆርቆሮ ሲገዛም አሮጌ ተፈልጎ ይገዛል፤ አዲስ ከሆነ ያብረቀርቃል፣ ያሳብቃልና። ጠዋት «ደንቦች» ሲያልፉ ሰው ሁሉ እንዳልሰማ፣ እንዳላየ ነው። ጨዋ ሕዝብ የገዛ ጣሪያውን እንደ ሌባ ተደብቆ እንዲከድን ያደረገ አስተዳደር ስለ ቸልተኛ ባለንብረት ሊያስተምረኝ ሲነሳ ምን ብዬ ልስማው?

ሕግ አልጠፋም እኮ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ። ይኸው ሕግ ከዚህም ይቀድማል፤ የሌላ ሰው ሕንፃ ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር እርምጃ እንዲወስድ መጠየቅ ይችላል። እስኪወድቅ ጠብቅ አይልም። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001ም አደገኛ ሕንፃ ሲገኝ እንዲጠገን ወይም እንዲለቀቅ የማዘዝ ሥልጣን ለሕንፃ ሹሙ ሰጥቷል። በኪራይም ሕግ ዋና ዋናውን ጥገና የሚሠራው አከራዩ ነው። የትኛውም ላይ «አከራዩ ወረዳ ካልሆነ በቀር» የሚል ሐረግ አላገኘሁም። ችግሩ የሕንፃ ሹሙ ትእዛዝ ጽፎ፣ ማኅተም አትሞ፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ለራሱ መሥሪያ ቤት የቤቶች ክፍል የሚሰጥበት ቀን አለመምጣቱ ነው።

ወደ ዋናው ልግባ። ቤቱ ለሃምሳ ዓመት ሳይጠገን ይቆያል። ጥገናው ይከለከላል። ግድግዳው ይዘምማል፣ ሽንት ቤቱ ይሞላል፣ መንገዱ ይጠባል። ከዚያ አንድ ቀን መኪና ይመጣል፤ የወረደው ሰው ግራ ቀኝ አይቶ «ይህ ጎስቋላ ሰፈር ነው፤ ለሰው ልጅ አይመጥንም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አይመጥንም። ግን ያጎሳቆለው ማነው? ቸልተኛው ባለቤት በቸልታው አይቀጣም፤ ይሸለማል እንጂ። ቤቱ ሲያረጅለት ምክንያት ያገኛል፤ ምክንያት ሲያገኝ መሬቱን ነፃ ያደርጋል፤ መሬቱን ነፃ ሲያደርግ በሊዝ ይሸጠዋል። በ2007 መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ዋጋ ቀርቧል። አንድ ካሬ ሜትር እንግዲህ የእናቴ አልጋ ግማሽ ናት።

የሚቀጣው ተከራዩ ነው። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ያየነው ይህንን ነው። አንዱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ አንዱ ምትክ የቀበሌ ቤት ተሰጠው፣ አንዱ ገላን ጉራ ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። ጥሩ ቤት የገባ አለ፤ አልክድም፤ ሲፈርስ ደስ ያለውም አለ። ግን ዕድሩ ተበትኗል፤ ጉሊቷን ደጃፏ ላይ ዘርግታ ልጅ ያሳደገች ሴት ደጃፍ የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣለች። ይህ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው ጣሪያ በጊዜው ስላልተከደነ፣ ቱቦ በጊዜው ስላልተቀበረ ጭምር ነው። በግል ባለንብረት ላይ ስንናገር «ሆን ብሎ ሊያስለቅቃቸው ቤቱን አበሰበሰው» እንላለን። ለመንግሥት ሲሆን ስሙ መልሶ ማልማት ነው።

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሌላ ትርዒት አለ። ባለሥልጣኑ ኮፍያና ቲሸርት አድርጎ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አስከትሎ፣ አካፋ ይዞ ካሜራ ፊት ይቆማል። የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ፈርሶ ይሠራል፤ ቁልፍ ይሰጣታል፤ ትመርቃለች፣ ታለቅሳለች። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። የእነዚያን እናቶች ደስታ አላቃልልም፤ ደረቅ ወለል ላይ ማደር ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ጉልበታቸውን የሚሰጡ ወጣቶችንም አከብራለሁ። ነገር ግን የቀበሌ ቤት በዚህ መንገድ ሲታደስ የተጠገነው የማን ንብረት ነው? ባለቤቱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልነካውን የራሱን ቤት በሰው ገንዘብና በልጆች ጉልበት አሳድሶ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ ይሄዳል። የግል አከራይ ለተከራዩ ቧንቧ ቀጥሎ በቴሌቪዥን አመስግነኝ ቢለው አገር ይስቅበት ነበር። ተከራይ ከአከራዩ የሚጠብቀው ግዴታ ነው፤ ምጽዋት ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ለሚመረጡት ብቻ ይመጣል፤ ካሜራው ወደማይገባበት ጓሮ አይደርስም።

«ከአሥር ብር ኪራይ ምን እድሳት ይወጣል?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ኪራዩን የወሰነው ማነው? ሥርዓት ሲቀያየር፣ የብር አቅም ሲወድቅ ኪራዩን እዚያው የተወው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ለራሱ ፖለቲካ ስለሚመቸው። ከተከራዩ ጋር የተዋዋለው ዝምታ ነው፤ አንተ አትጠይቀኝ፣ እኔም አልጨምርብህ። ነዋሪውም ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ በስድስት ብር የተከራየውን በስድስት ሺህ የሚያከራይ አለ፣ እሱ ራሱ ቪላ ውስጥ እየኖረ። ጥር 2013 በወጣው በዚያው ጥናት ከ10 ሺህ በላይ የቀበሌ ቤቶች በሕገወጥ መንገድ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህም ቢሆን የሚመሰክረው ባለቤቱ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር የማያውቅ አከራይ ጣሪያው ማፍሰሱን ከየት ያውቃል?

ደግሞም ገንዘብ ከሌለህ ሌላ መንገድ አለ። ተከራዩ ያድስ፤ ወጪው በኪራይ ይታሰብለት። ወይም ሽጥለት፤ የቀበሌ ቤት ለነዋሪው ይሸጥ የሚለው ሐሳብ እንደ አዲስ ሲነሳ፣ እንደ አዲስ ሲጣል ስንት ጊዜ ሰማን! ራሱ አላደሰ፣ አላሳደሰ፣ አልሸጠ። ሦስቱንም እምቢ ያለ ባለቤት ችግሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

አንድ ወዳጄ ዋና መንገድ ዳር ካፌ አለው። ፊቱን አሳምር ተባለ። ተበድሮ አሳመረ፤ ግራጫ ቀለም፣ አዲስ መስታወት፣ ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ መብራት። ያምራል፤ አልዋሽም፣ ማታ ሳልፍ ቆሜ አይቻለሁ። ከካፌው ጀርባ ግን የቀበሌ ግቢ አለ፤ የግቢው ሽንት ቤት ሞልቶ በግድግዳው ሥር ወደ ጓዳው ይሰርጋል። ሊጥ የሚቦካበት ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ እርጥብ መስመር ወጥቷል። ወረዳ ሄደ፤ «የጋራ ሽንት ቤት ሌላ ክፍል ነው» ተባለ። ሌላው ክፍል ሄደ፤ «በጀት አልተያዘለትም» ተባለ። ራሴ ልክፈልና መምጠጫ መኪና ላምጣ ቢል፣ መኪናው በዚያ ጠባብ መንገድ አይገባም፤ መንገዱን ለማስፋት የወረዳው አጥር መነሳት አለበት፤ አጥሩን መንካት ክልክል ነው። በመጨረሻ ተቆጣጣሪ መጣና ስለ ሽታው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ለማን ይመስላችኋል? ለወዳጄ ነዋ!

የዛሬው ተጠያቂነት ካፌው ፊት ላይ ጀምሮ ካፌው ፊት ላይ ያልቃል። ከመኪና መስኮት የሚታየው ይገመገማል፤ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚመለከተው የለም። ከእንግዳ ዓይን ርቆ የሚኖር ሕዝብ ምን በላ፣ የት ተጸዳዳ የሚለውን የሚቆጥር ቅጽ የለም።

ስለ ጥንታዊዎቹ ቤቶች ብዙ አልልም፤ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አርመኖችና ህንዶች የሠሯቸው፣ ሰገነታቸው በእንጨት የተፈለፈለ፣ የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች በ1967 ተወርሰው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የብዙ አባወራ መኖሪያ ሆኑ። ደረጃው ለማገዶ ተነቀለ፤ ሰገነቱ ወደቀ። በሩ ላይ «ቅርስ» የሚል ታርጋ ተለጠፈበት፤ ታርጋ ደግሞ ዝናብ አያስጥልም። ዘሞ ሊወድቅ ሲል «አርጅቷል፣ አደገኛ ነው» ተብሎ ይፈርሳል። ያስረጀውን የሚጠይቅ የለም፤ አፍራሹም እሱ ነውና።

እንግዲህ አስተዳደሩ ባለንብረቶችን ተጠያቂ አደርጋለሁ ካለ፣ ያድርግ። የታጠረውን መሬት ያስለቅቅ፤ በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው የንብረት ታክስ ከተማው ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ክንዱ ቆርቆሮ አጥሮ በተቀመጠው ላይ ይክበድ፣ ሁለት ክፍል ቤቱ ውስጥ ጡረታውን እየበላ ባለው ላይ ሳይሆን። የ322ቱ ሕንፃዎች ጉዳይ ከምን እንደደረሰ ዝርዝሩን አውጥቶ ያሳየን፤ ለእያንዳንዱ ፈቃድ የፈረመውን፣ አይቶ ያለፈውን ሹም ጭምር። ከዚያ ወደ ራሱ ይዙር። በየቀበሌ ቤቱ በር ላይ ለግል ባለንብረት የሚለጠፈው ዓይነት ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ፤ ባለቤት፦ አስተዳደሩ። የሚመለከተው ኃላፊ፦ ስምና ስልክ። መጨረሻ የታደሰበት ዓመት፦ እዚህ ላይ ብዙ በሮች 1960ዎቹን ይጽፋሉ፣ ከዚያ በፊትም የሚጽፍ ይኖራል። ግዴታውን ያልፈጸመ ወረዳ ደግሞ ካፌው የሚቀጣውን ያህል ይቀጣ፤ ቅጣቱ የእድሳት ሣጥን ውስጥ ይግባ። የማፍረሻው ቀን ባልታወቀ ሰፈር ውስጥ የእድሳት ፈቃድ መከልከልም ዛሬውኑ ይቅር። ልማቱ ቀን ካለው ቀኑን ንገሩን፤ ቀን ከሌለው ሰው ግድግዳውን ይመርግበት።

ይህን ያደርጋል ብዬ እጄን አጣጥፌ አልጠብቅም። ጠበቃ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ስለሚያሰጋ ሕንፃ የሚናገረውን የፍትሐ ብሔር አንቀጽ አውጡና አንብቡት። ከሳሽ አላጣላችሁም፤ ግድግዳዋ በአጣና የተደገፈ አንዲት አዛውንት አውቃለሁ፤ ችሎት መቆም አትፈራም፣ ቃሏን አትለውጥም። ምስክር ካስፈለገ ግቢው በሙሉ ይመጣል። የውል ወረቀቷና የኪራይ ደረሰኞቿ አልጋው ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ውሃ አልነካቸውም። ክሱ ግን ሰኔ ሳይገባ ይከፈት።